ወፍጮው የቆመ ለት

ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ፣ ወረድ ብሎ ከመንገዱ፣
ሲኖትራክ ባለፈ ቁጥር ጠርሙሶች የሚላተሙበት፣ አንዱ ካንዱ፣
ጠባብ መድኃኒት ቤት አለኝ።
ሽያጭ ላይ ምላሴ አይደናቀፍም፤ በዚህ ማንም አያማኝ።
ቫይታሚን ቢ፣ የዓሣ ዘይት፣ ማግኒዚየም በየፈርጁ፣
«ለአእምሮ ጥሩ ነው» እያልኩት ስንቱ አባት ገዛ ለልጁ።

በሚያዝያ አንድ ማክሰኞ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ሕንፃ ሥራ፣
ጣውላ ወረደ በሽመክት፣ በወንድሜ።
አንድ ሄልሜት ለሦስት ሰው ነው፤ ያን ቀን አልነበረም የሱ ተራ።

ሲቲ ስካኑ ንጹሕ ወጣ። ሐኪሟ አለች፦ «አንጎሉ ተናውጧል፤
አልደማም፤ ሁለት ቀን ይረፍ፤ ከዚያ ቀስ እያለ ይንቀሳቀስ፤ ይሻለዋል።»
«መድኃኒቱስ?» አልኳት። «ጊዜ» አለችኝ።
እኔን፣ ባለ መድኃኒት ቤቷን፣ በባዶ ወረቀት ሸኘችኝ።

ጊዜ ደግሞ አይሸጥም በፍሬ።
«ጨው አቀብዪኝ» ሊል ፈልጎ «አቀብዪኝ» አለኝ «በሬ»፤
ስሜን ፈልጎ ሲያጣው፣ «አንቺ... አንቺ...» እያለ፣
ከኋላ ክፍላችን፣ ዓይኑ ላይ ፎጣ ጥሎ ዋለ።

መንደሩ ሁሉ ሐኪም ሆነ። እትዬ የሺመቤት፦ «ጠበል፣
ሰባት ቀን፣ በባዶ ሆድ።» የሥራ ጓዱ ገመቹ፦ «ወጌሻ፤ አንገቱ ነው፤ ይታሽ፣ ይስተካከል።»
ማርና ጥቁር አዝሙድ አለ አከራዬ፤ አጎቱ በሱ ዳነ።
የሰው ሁሉ ምክር ሲያልቅ፣ ዓይኔ በራሴ መደርደሪያ ላይ ባከነ።

ሌሊት በስልኬ ጥናት አነበብኩ።
የዓሣ ዘይት፦ ተስፋ አለው ይላል፣ ለአይጥ። ወንድሜን አየሁት። ዞርኩ።
ማግኒዚየም፦ ጥቂት ሰዎች፣ አጭር ጊዜ፣ «ምናልባት» ላይ ያለቀ።
ቫይታሚን ዲ፦ ለጎደለው እንጂ፣ ለሞላው ምን እንደሚሠራ ያልታወቀ።
ከሁሉ ጠንከር ያለው ዋጋ የሌለው ነበር፦ በልክ መራመድ፤
ራስ ሲብስ ማቆም፤ ነገ ጥቂት መጨመር፤ እንደገና መልመድ።
አንገትና ሚዛን የሚያለማምድ ባለሙያም አለ፤ ማስረጃው ደህና፤
ግን መሀል ከተማ ነው፤ ሁለት ታክሲ፣ ጥሩምባ፤ ደርሶ ሲመለስ ይብስበታልና።

ቢሆንም ሰጠሁት። ሰው ነኝ። የዓሣ ዘይት፣ በቀን ሁለት።
ደብተር ገዝቼ ጻፍኩ፦ ራስ ምታት ከአሥር፣ እንቅልፍ በሰዓት።
ሰኞ ሰባት። ማክሰኞ ሰባት። ረቡዕ ስምንት።
ሐሙስ
ሦስት!
ሥሩን ሁለቴ አሠመርኩበት።
ለእናቴ ደወልኩ፤ «ተገኘ!» አልኳት፤ በእልልታ መለሰችልኝ።
ጠርሙሱን ሳምኩት። እፍረቱ አሁን ገና ደረሰኝ።

ዓርብ ተመልሶ ሰባት።
ዘይቱ ያው፣ ሰዓቱ ያው፣ ፍሬውም ያው ሁለት።
ታዲያ ሐሙስ ምን ነበረ?
ደብተሩ አያውቅም። ሽመክት ነው፣ ፎጣውን ሳያነሣ የተናገረ፦
«ሐሙስ መብራት አልነበረም። ወፍጮው ቆሞ ነበረ።»

ግድግዳ ተጋርቶን፣ ከንጋት እስከ ማታ የሚያጓራ ወፍጮ ቤት፤
ጤፍና በቆሎ ብቻ መስሎኝ ነበር የሚፈጭበት።

ዘይቱ ውሸት ነው አልልም። አላውቅም። ይኸ ነው እውነቱ።
አንድ ወንድም፣ አንድ ሐሙስ፣ አንድ ደብተር፤ ምን ያህል ነው ክብደቱ?
ገመቹም አምና ተመትቶ ድኗል፣ ምንም ሳይውጥ፤
እሱም አንድ ሰው ነው፤ የሚዛን ድንጋይ አይሆንም፣ ቢገለበጥ።

አልጋውን ከግድግዳው አራቅነው። ጋሽ ሙዘይን ከስድስት እስከ ስምንት ሞተሩን ያጠፋል፤
ደንበኛው ጆንያውን ተደግፎ፣ አጉረምርሞ አጉረምርሞ፣ ያንቀላፋል።
ማታ ማታ እንወጣለን፣ የመብራት ምሰሶ እየቆጠርን፤
መጀመሪያ ሁለት፤ ሦስተኛው ላይ አዞረው፣ ተቀመጥን፣ ተመለስን።
ትናንት ዘጠኝ።
ዛሬም ዘጠኝ። አሥረኛውን አይቶት፣ «ይቆየን» አለኝ።

ከሰዓት አንድ ሰው መጣ፤ ልጁ ኳስ ሲጫወት ተጋጭቶ፤
«ለአንጎል የሚሆን አለሽ?» አለ፣ የታጠፈ ብር አውጥቶ።
ጠርሙሱ ከኋላዬ። የኪራዩ ቀን ከነገ ወዲያ።
ሲኖትራክ አለፈ። ተንጫጫ መደርደሪያ።
ወንበር ሳብኩለት፤ ብሩን ሳልነካ፣ አልኩት በዝግታ፦
«ሐኪም አይቶታል? ... እሺ። ከሚተኛበት ጎንስ አለ ወይ ጫጫታ?»